ጥለቱ ወደ ታች

ነሐሴ ሲጋመስ ደብረ ማርቆስ ያሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች የታተሙ የእንቁጣጣሽ ካርዶችን በራቸው ላይ ይደረድራሉ። ወረቀቱ ያብረቀርቃል፣ አበባው ብዙ ጊዜ ጽጌረዳ ነው፣ የውስጡ ምኞትም ታትሞ አልቋል፤ ለሰጪው የቀረችው የፊርማ ቦታ ናት። ሰው በበዓል ሰውን ማሰቡ በየትኛውም መንገድ ይሁን መልካም ነው። እኔ ግን ለዘመዶቼና ለጎረቤቶቼ የምሰጠውን ካርድ ራሴ እሠራለሁ። ሐረግና አበባ ካለባቸው ወረቀቶች ቀጫጭን ቁራጮች አወጣለሁ፣ በወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ እለጥፋለሁ፣ ውስጡን በእጄ እጽፋለሁ። ሥራው ሠዓሊ መሆንን አይጠይቅም፣ ውድ ዕቃም አይፈልግም። ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው ደግሞ የሥራው ግማሽ ዕውቀት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው የኖረ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በተለይ ስለዚያ ግማሽ ለመናገር ነው።

ስለ ሰላምታ ካርድ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሎንዶን ይጀምራሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1840 ደብዳቤን በአንድ ፔኒ የሚያደርስ የፖስታ ሥርዓት ጀመረች። በ1843 ሄንሪ ኮል የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ ለገና መልስ የሚጠብቀው ደብዳቤ ቢበዛበት ጆን ካልኮት ሆርስሊን ሥዕል አሠራና አሳተመ፤ ለወዳጆቹ ልኮ የተረፈውን ሸጠ። በእኛም አገር በአፄ ምኒልክ ዘመን ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 ወጡ፤ በ1908 ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የሰፈራችን ልጆች ካርድ ግን ከሎንዶንም ከፖስታ ቤትም ጋር የሚያገናኘው የለም።

በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ከደብተር መሃል ቅጠል ይገነጠላል። ዐይንና አፍንጫ ያላት ፀሐይ ትሣላለች፣ ክንፉን የዘረጋ መልአክ ይሣላል፣ ከአንድ ግንድ ሦስት አራት ሆኖ የወጣ አበባ ይከተላል፤ ዙሪያውን ሁሉ ደግሞ ልጁ ማስመሪያ ይዞ ሐረግ ይስልበታል። ሴቶቹ ልጆች በዋዜማው ሜዳ ወርደው እንግጫ ይነቅላሉ፤ መስከረም 1 ቀን ከአደይ ጋር ጎንጉነው «አበባየሆሽ» እያሉ ሲዞሩ ወንዶቹ ሥዕላቸውን ይዘው በየደጃፉ ይቆማሉ። ባለቤቱ ሳንቲም ይሰጣል፣ ወይም ከድፎው ይቆርሳል፤ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እናቴ ቤት እንዲህ ያለው ሥዕል ጭስ እስኪያጠቁረው ድረስ ይቆይ ነበር። አውልቆ የሚጥለው ሰው አልነበረም፤ ያመጣው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ቀና ብሎ ያየዋልና። የእኔም ካርድ ሥሩ እዚያ ነው። የልጆቹን ሥዕል ሁልጊዜ እንደ ትልቅ ሥራ ነው የማየው፤ ዳር ዳሩን በሐረግ ከብቦ መሃሉን ለአንድ ነገር መተው ማንም ሳያስተምራቸው የሚያውቁት ነገር ነው።

ወረቀቱ ከየት ይመጣል? ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው የስጦታ መጠቅለያ ቀጭን ስለሆነ ኮላ ሲነካው ይሸበሸባል፤ ያም ሆኖ ሐረጉ ደቃቅ ከሆነ ይጠቅማል። ያለፈ ዓመት ካላንደር ከሁሉ ይበልጥብኛል። ወረቀቱ ጠንካራ ነው፤ ከአንድ የተራራ ፎቶግራፍ ሰማዩን ብቻ ብታወጡ ሰማያዊ ቁራጭ ይሆናል፣ የእህል ማሳውን ብታወጡ ቢጫና አረንጓዴ ይሆናል። የቅዱሳን ሥዕል ያለበትን ካላንደር ግን መቀስ አላስነካም፤ እሱ እንዳለ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከጥርና ከግንቦት ሠርጎች የሚተርፈው የጥሪ ወረቀትም ጥሩ ነው፤ ወርቃማ ጠርዙና ጀርባው ይቆረጣል፣ የሙሽሮቹ ስም ያለበት ይቀራል። ማተሚያ ቤቶች መጽሐፍ ሲከረክሙ የሚጥሉት ቅንጣቢ አለ፤ በትሕትና ከጠየቃችሁ በፌስታል ሞልተው ይሰጧችኋል።

ምንም ካልተገኘ ደግሞ ዝንጉርጉሩን ወረቀት ራስን መሥራት ይቻላል። ከጮቄ ተራራ ሥር ለምንኖር ሰዎች ድንች አይጠፋንም። ድንቹን ለሁለት ከፍሎ በፊቱ ላይ ሦስት ማዕዘን ወይም መስቀለኛ ቅርጽ በቢላ ማውጣት ነው፤ የልጆች የውኃ ቀለም ቀብቶ በነጭ ወረቀት ላይ በመደዳ ማተም። ቀለሙ በአንዱ ላይ ይደምቃል፣ በአንዱ ላይ ይደበዝዛል፤ ወረቀቱ ሲቆረጥ ያ ልዩነት ራሱ ያምራል። እኔ ከሱቅ ወረቀት ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ሥራውን ለልጁ ስጡትና እናንተ ቁረጡ።

አሁን ወደ ልኩ። የሚጠላው ካለ ይህን አንቀጽ ይለፈው፤ ለእኔ ግን ከሥራው ሁሉ የሚያስደስተኝ አንዱ ይህ ነው። ኤ4 የምንለው ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ለሁለት ሲቆረጥ 148 በ210 የሆኑ ሁለት ቅጠሎች ይወጡታል፤ እያንዳንዱ ለሁለት ሲታጠፍ ስፋቱ 105፣ ቁመቱ 148 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ ይሆናል። ከአንድ ወፍራም ቅጠል ሁለት ካርድ ወጣ ማለት ነው። ተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ስለሆነ ካርዱ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ከ200 እስከ 250 ግራም ያለውን ጠይቁ። ዝንጉርጉሩም ወረቀት ኤ4 ከሆነ በረጅሙ ጎን ላይ 15 ሚሊ ሜትር እየለካችሁ ብትቆርጡት 19 ረጃጅም ቁራጭ ይሰጣል። እያንዳንዱ 210 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከመሃሉ ሲከፈል ልክ የካርዱን ስፋት የሚያህሉ ሁለት ይሆናል፤ በድምሩ 38። በአንድ ካርድ ላይ ሦስት የተለያዩ ቁራጮች የምትለጥፉ ከሆነ ሦስት ዓይነት ወረቀት፣ አንዳንድ ቅጠል ብቻ፣ ለ38 ካርድ ይበቃል። አንድ ሰፈር ያዳርሳል።

ሦስቱ ቁራጮች በመካከላቸው ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ነጭ እየቀረ ሲደረደሩ 49 ሚሊ ሜትር ይይዛሉ፤ ይህም የካርዱ ቁመት ሲሶ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ እንዲይዙ አልፈቅድም። ጀማሪ ሰው፣ በተለይ ያማረ ወረቀት እጁ ከገባ፣ ካርዱን ከዳር እስከ ዳር መሙላት ይወዳል፤ የቀረው ነጭ ያልተሠራ ሆኖ ይታየዋል። እዚህ ላይ ነው የጎጃም ዐይን የሚያስፈልገው።

ነጠላን እንይ። ሸማኔው ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ነጩን ነው። ጥለቱ ከጫፍና ከጫፍ ጥቂት ቦታ ይይዛል፤ ያች ጥቂት ቦታ የምታምረው የነጩ ስፋት ስላለ ነው። ጥለት ከላይ እስከ ታች የሞላበት ነጠላ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ እናት አላየሁም። ጥለቱም ራሱ አንድ ወጥ አይደለም፤ ሰፊ መስመር አለ፣ ከሱ ቀጥሎ ክር የምታህል ቀጭን መስመር አለች፣ በመካከላቸው ነጭ ይገባል፣ ከዚያ ዋናው ሐረግ ይመጣል። ካርድ ስሠራ የማደርገው ይህንኑ ነው። አንዱ ቁራጭ ጥቅጥቅ ያለ ሐረግ ያለው፣ ሁለተኛው ፈታ ያለ፣ ሦስተኛው ምንም ጌጥ የሌለው አንድ ቀለም እንዲሆን አደርጋለሁ። ሦስቱም ጥቅጥቅ ካሉ ዐይን የሚያርፍበት ያጣል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል፤ ጥለቱ የት ይሁን የሚለው ነው። በበዓል ቀን ነጠላ ሲለበስ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሐዘን ሲሆን ነጠላው ይገለበጥና ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻና ወደ አንገት ይመጣል። አንዲት ሴት በመንገድ ስታልፍ ከሩቅ አይተን ወደ ለቅሶ ይሁን ወደ ማኅበር የምንለየው በዚህ ነው፤ ማንም «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ዐይን ካርድንም በዚያው ሥርዓት ያነበዋል። ቁራጮቹ ከታች ከተለጠፉ ካርዱ የደስታ ነው። ከላይ ብቻ ተጋድመው ከታች ነጭ ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ ቀለማቸው የጠቆረ እንደሆነ፣ አንድ የጎጃም ባልቴት ካርዱን ሳትከፍት ልቧ ይከብዳል። ከውጭ አገር ናሙና አይተው ካርድ የሚሠሩ ወጣቶች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ናሙናው ስሕተት የለበትም፤ ለተሠራለት አገር ትክክል ነው። እኛ ዘንድ ግን የጥለት አቀማመጥ የሚናገረው ነገር አለ።

«ታዲያ የብራና መጽሐፍ ሐረጉ ከላይ አይደለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ነው። በጣና ገዳማት ያሉትን ጥንታዊ ወንጌሎች ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ የወንጌሉ መጀመሪያ ገጽ ራስጌው ላይ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ በቢጫና በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የተሞላ ሐረግ አለ። ነገር ግን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ብዙውን ጊዜ ራስጌው ላይ ብቻ አይቀርም፣ በሁለቱ ጎን ይወርዳል፣ ጽሑፉን በር አድርጎ ይከብበዋል። ስለዚህ ለካህን ወይም ለየኔታ የሚሰጥ ካርድ ስሠራ አንድ ቁራጭ ከላይ፣ ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች ደግሞ በግራና በቀኝ ወደ ታች አወርዳለሁ። ጎኑ ሲወርድ የመጽሐፍ ሐረግ ይሆናል፤ ጎኑ ከሌለው የሐዘን ነጠላ ይመስላል። ልዩነቱ ሁለት ቀጭን ወረቀት ነው፣ የሚያየው ሰው ግን አይስተውም።

የሐዘን ካርድ መሠራት አለበት ወይ? እዚህ ላይ አሳቤ የጠበቀ ነው። ለቅሶ በካርድ አይደረስም። እግር የሚያደርሰው ሰው ሄዶ ከድንኳኑ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይቀምሳል፣ ያጽናናል። ነገር ግን ዘመድ ባሕር ማዶ ሆኖ፣ ወይም መንገድ ተዘግቶ፣ ወይም ሰው አልጋ ይዞ መድረስ ሲያቅተው ጥለቱ ወደ ላይ የሆነ አንድ ካርድ ከመጥፋት ይሻላል። በዚያ ላይ የማደርገው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ውስጡም አጭር ነው፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ የሟቹ ስም፣ እኔም ስለሟቹ የማስታውሰው አንድ መልካም ነገር።

ወደ እጅ ሥራው ልመለስ፤ ክረምት ነውና። የእንቁጣጣሽ ካርድ የሚሠራው በነሐሴና በጳጉሜን ነው፤ ይህ ደግሞ እዚህ ደጋ ላይ አየሩ እርጥበት የጠገበበት ወቅት ነው። ወረቀት ከቃጫ የተሠራ ስለሆነ እርጥበት ይጠጣል። ቃጫው ሲረጥብ ርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፣ ወርዱ ግን ይነፋል፤ ስለዚህ ወረቀቱ በአንድ አቅጣጫ ይለጠጣል። ኮላ የተቀባ ቁራጭ ተለጥጦ ሳለ ካርዱ ላይ ይጣበቅና ሲደርቅ ተመልሶ ይኮማተራል፤ ካርዱንም ይዞ ይጎብጣል። ብዙ ሰው የወረቀቱን ጥራት የሚያማው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ ግን ከወረቀቱ ሳይሆን ከኮላው ብዛት ነው።

አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጩ ኮላ ይበቃል። ጣት ላይ ጨምቆ መቀባት ግን አይሆንም፤ በአንድ የካርቶን ቅንጣቢ ስስ አድርጎ በቁራጩ ጀርባ ላይ መጎተት፣ ካርዱን ምንም ሳይነኩት ቁራጩን ማስቀመጥ፣ ከመሃል ወደ ዳር በንጹሕ ጨርቅ መጫን። ማስቲሽ ቶሎ ይይዛል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ለጫማ እንጂ ለወረቀት አይመከርም፣ እያደር ይበክላል፣ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል። የዱቄት ሙጫ የአያቶቻችን ነው፣ ወረቀትን አይጎዳም፤ ነገር ግን ውኃው ብዙ ስለሆነ በክረምት ለማድረቅ ያስቸግራል፣ አይጥም ይወደዋል። ከተለጠፈ በኋላ ካርዶቹ በሁለት ሳንቃ መሃል ይደረጉና ከላይ ከባድ ነገር ይጫንባቸዋል፤ ሌሊቱን እንዲያ ያድራሉ። ምድጃ አጠገብ ማድረቅ እጅግ መጥፎ ነው። አንዱ ፊት ቀድሞ ይደርቅና ካርዱ ይጠቀለላል።

የቃጫው አቅጣጫ ለእጥፋቱም ያስፈልጋል። ወፍራሙን ወረቀት በሁለቱም በኩል ሳትጫኑ ጎበጥ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ በአንዱ በኩል እሺ ይላል፣ በሌላው በኩል ይገፋል። እሺ ባለበት በኩል ከታጠፈ እጥፋቱ ጥርት ያለ ይሆናል፤ በሌላው በኩል ከታጠፈ ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ነጭ ፍርፋሪ ያወጣል። ከማጠፋችሁ በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ አንድ መስመር ጫን አድርጋችሁ አስምሩ፤ ወረቀቱ በዚያ መስመር ላይ ራሱ ይታጠፋል። ለመቁረጥ ደግሞ የብረት ማስመሪያና አዲስ ምላጭ ከመቀስ ይሻላሉ። መቀስ በረጅም ቁራጭ ላይ ይወላገዳል፤ የጥለት ውበት ደግሞ ከመስመሩ ቀጥታ መሆን ነው።

ኮላ ከመንካታችሁ በፊት ቁራጮቹን ሁሉ በየቀለማቸው ለዩ። ስፌት የምትሰፋ ሴት አለላዋን በየቀለሙ ለይታ፣ ሰንደዶዋን አዘጋጅታ፣ አክርማዋን አርጥባ ነው ወስፌዋን የምታነሣው፤ መሃል ላይ ቀለም ፍለጋ አትነሣም። እኔ ጠረጴዛው ላይ የሁሉንም ካርድ ጥለት ሳልለጥፍ በመደዳ አስቀምጣለሁ፤ አንድ ጊዜ ከቆመ ሰው ዐይን ሆኜ አያቸዋለሁ፤ የማይስማማውን እቀያይራለሁ። ብዙ ካርዶች አብረው የሚሠሩበት ጥቅሙ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው የተለየ ይሆናል፣ ሁሉም ግን ከአንድ ቤት እንደወጡ ይታወቃሉ። እንደዚያ ሲሆን ሁለት እኅትማማቾች ካርዶቻቸውን አቀራርበው ማስተያየት ይወዳሉ።

ውስጡ ላይ የሚጻፈው ነገር ከጥለቱ ይበልጥ ያስጨንቀኛል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ እንደ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ የቅኔ ቤቶችን ያፈራ ሕዝብ ቃል ይመዝናል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ሰው ሲመርቅ የሰማችሁ እንደሆነ የቃሉ አወራረድ ያስደንቃል። ለእንዲህ ያለ ሰው «መልካም አዲስ ዓመት» ብሎ ጽፎ መተው ያሳፍራል። ቢያንስ ዘመኑን መጥራት ይገባል። ዓመቶቻችን በአራቱ ወንጌላውያን ይጠራሉ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እየተባለ ይዞራል። የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ላይ 5500 ጨምሮ ለአራት ማካፈል ነው፤ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 2018 በዚህ ስሌት ዘመነ ማርቆስ ነው፤ 2019 ዘመነ ሉቃስ ይሆናል፣ በመጨረሻውም ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገራችሁ» የሚል ካርድ ለዚያ ዓመት ብቻ የተሠራ ነው፤ ለከርሞ አያገለግልም፣ ከመጋዘንም አይወጣም። ተቀባዩም ይህን ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ያ ሰው ብቻ የሚያውቀው አንድ ነገር ይጨመራል። ለአክስቴ በአንቱታ እንዲህ እላለሁ፦ «ከጓሮ የተከሏት የጌሾ ችግኝ ክረምቱን ተሻገረች ወይ? ጠላው ሲደርስ እመጣለሁ።» ለአያ፣ ለታላቅ ወንድሜ፣ በልጅነታችን አብረን የነቀልነውን አተር አነሣበታለሁ። ለጎረቤት ልጅ ስሙን በትልቁ ጽፌ ከሥሩ «አንድ ክፍል አለፍህ፣ ቁመትህም ጨመረ» እላለሁ። መዝጊያው ለሁሉም አንድ ነው፤ «የከርሞ ሰው ይበለን»። ጽሑፉ በነጩ ቦታ ላይ ሰፋ ብሎ ይቀመጥ፤ ለሽማግሌ የሚላክ ከሆነ ፊደሉ ይተልቅ።

የ2016 እንቁጣጣሽ ሲመጣ በእኛ አካባቢ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ከዚያ በፊት የበዓል ሰላምታ በስልክ የሚላክ ሥዕል ሆኖ ነበር፤ ያንኑ አንድ ሥዕል ከአሥር ሰው መቀበል የተለመደ ነው። በዚያ ዓመት ያ ሁሉ ቀረ። ከዘመነ ሉቃስ ወደ ዘመነ ዮሐንስ የምንሻገርበት ነበር፤ ሰው ስለ ሰው ይጨነቅ ነበር፣ መንገዱም የሚታመን አልነበረም። ለሩቅ ዘመድ ሁሉ ካርድ ሠራሁ፤ ወደ ብቸና በኩል የሚሄድ ሰው ሲገኝም ለአክስቴ ላክሁ። በኋላ እንደነገሩኝ «ከደብረ ማርቆስ ወረቀት መጣልዎ» ሲባሉ ጉልበታቸው ከድቷቸው ተቀምጠዋል። በዚያ ሰሞን ወረቀት ይዞ የሚመጣው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ የሚያነብላቸው የጎረቤት ልጅ ደግሞ ከብት ጥበቃ ወርዷል። ፖስታውን ከፍተው ካርዱን በእጃቸው ይዘው አዩት። ከዚያ ካርዱን ላመጣው ሰው «ጥለቱ ወደ ታች ነው፤ ደኅና ናቸው» አሉት። ልጁ እስኪመለስ ድረስ ቡና አፈሉ።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ የጥለቱን ቦታ እንደ ጌጥ ጉዳይ አላየውም። ማንበብ ለማይችል ሰው ካርዱ የሚደርሰው መጀመሪያ በዐይን ነው፤ ነጠላ ለብሶ የኖረ ሰው ደግሞ ይህን ዐይን ከማንም ሳይማር ይዞታል። ካርድ የምንሠራ ሰዎች ለዚያ ዐይን ልንታመንለት ይገባናል። ውድ ወረቀት ባይኖር፣ እጅ ቢንቀጠቀጥ፣ ኮላው ቢያብጥ ችግር የለም። ጥለቱ ግን ቦታውን ይያዝ።

ለመላክ የምታስቡ ካላችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። ፖስታ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚያደርሰው የፖስታ ሳጥን ቁጥር ላለው ሰው ነው፤ ለገጠር ዘመድ ካርድ የሚሄደው በሰው እጅ፣ በገበያ ቀን ወይም በአውቶቡስ ረዳት በኩል ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ ጎላ ያለ፣ የሚነሣ ጌጥ አትለጥፉ፤ በኪስ ውስጥ ይነቀላል። ቁራጮቹ ጠፍጣፋ ስለሆኑ መንገድ ይችላሉ። 114 በ162 ሚሊ ሜትር የሆነ ፖስታ ልኩ ነው፤ ሱቅ ከሌለ ከአንድ ኤ4 ወረቀት ታጥፎ ይሠራል። ዝናብ ካለ ፖስታውን በፌስታል ጠቅልሉት። በፖስታው ፊት የተቀባዩን ስምና ሰፈሩን፣ በጀርባው የራሳችሁን ስልክ ቁጥር ጻፉ፤ የያዘው ሰው ቢያጣቸው ይደውልላችኋል። ሩቅ የሚሄደው ነሐሴ ሳያልቅ ከቤት ይውጣ፤ በቅርብ ያለው ጳጉሜን ላይ ይደርሳል፤ የጎረቤቶቻችሁን ግን መስከረም 1 ጠዋት፣ ልጆቹ ሥዕላቸውን ይዘው ከመምጣታቸው በፊት፣ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።